ጫጩት በቤት ማስፈልፈል፦ ከእንቁላል መረጣ እስከ 21ኛው ቀን

መጀመሪያ ባስፈለፈልኩበት ጊዜ የማሽኑን ክዳን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ሙቀቱ ደህና ነው? ውሃው አላለቀም? እስቲ አንዷን ብቻ በባትሪ ልያት። በ20ኛው ቀን አንዲት ጫጩት ቅርፊቷን ነድላ ስትጮህ ስሰማ ደግሞ ጭራሽ አላስቻለኝም። ከፍቼ ቅርፊቱን ላጥኩላት። ደማች፣ ሞተች። አጠገቧ ያሉት ሦስት እንቁላሎችም መነደል ጀምረው ነበር። ክዳኑ ተከፍቶ በቆየበት ጊዜ ገለፈታቸው ደርቆ ያዛቸውና እዚያው ቀሩ። ከ12 እንቁላል ያገኘሁት 4 ጫጩት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዙር አስፈልፍያለሁ። ዋናው ሥራ ያለው እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ ከሁሉም የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው።

ከታች ያለው ስለ ዶሮ እንቁላል ነው። የሌሎቹን ወፎች ቀን ወደ መጨረሻው አስቀምጣለሁ።

1. እንቁላሉን መምረጥ

ለምግብ የሚሸጥ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የመጣ ነው። እሱን 21 ቀን ብታሞቁት የምታገኙት የገማ እንቁላል ነው። አውራ ካለበት መንጋ ውሰዱ። ለ8 እስከ 10 ሴት ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። አውራው በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነና የአዲሱን ዘር ከፈለጋችሁ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ። ዶሮዋ የቀድሞውን ዘር ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዛ ትቆያለች።

እንቁላሉ ዘር ይኑረው አይኑረው ከውጭ አይታወቅም። ግን ከዚያው መንጋ ሁለት ሦስቱን ለቁርስ ስትሰብሩ አስኳሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላዩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ዘር ከሌለው ነጥቧ ድፍን ነጭ ናት፣ ጠርዟም የተዘበራረቀ ነው። ዘር ካለው ነጥቧን የከበበ ቀለበት ይታያል፣ ልክ እንደ ዒላማ። የሰበራችኋቸው ሁሉ ቀለበት ካላቸው መንጋው ደህና ነው ማለት ነው።

መካከለኛ መጠንና የተለመደ ቅርጽ ያለውን ምረጡ። ከልክ በላይ ትልቁ ሁለት አስኳል ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ደግሞ የሚፈለፈለው ከስንት አንዴ ነው። የተሰነጠቀውን በባትሪ ብርሃን ለዩት።

እንቁላል አትጠቡ። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ዶሮዋ ስትጥለው አብሮት የሚወጣ ስስ ሽፋን እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍንና ባክቴሪያ ይከላከላል። ውሃ ያንን ሽፋን ያነሳዋል። ትንሽ ኩስ ከነካው በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። በጣም የቆሸሸውን ተዉት።

እስኪሞላ ድረስ እንቁላሎቹን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ፍሪጅ ይበዛባቸዋል። ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ፣ ሹሉ ወደ ታች ይሁን። እስከ 7 ቀን ችግር የለም። ከዚያ በኋላ የሚፈለፈለው ቁጥር በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ያለፈውን እኔ አላስገባም። ከሩቅ በመኪና የመጣ እንቁላል ከሆነ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

2. ቴርሞሜትሩን መፈተሽ

ሁለተኛው ዙሬን ያበላሸብኝ ይሄ ነው። ፋን ያለው ማሽኔ ስክሪኑ ላይ 37.5 ይላል። እኔም አምኜ ተኛሁ። በ19ኛው ቀን ጫጩቶች መውጣት ጀመሩ። ቶሎ ደረሱ ብዬ ስደሰት እምብርታቸው ያልተዘጋ፣ ጣታቸው የተጣመመ ሆኖ አገኘሁት። የቀሩት ቅርፊት ውስጥ ሞቱ። በሌላ ቴርሞሜትር ስለካው ማሽኑ ውስጥ ያለው ሙቀት 38.6 ነበር። አንድ ዲግሪ ብቻ ናት፣ ግን ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ስትሆን ትገድላለች።

የሚፈለገው ሙቀት እንደ ማሽኑ ይለያያል። አየሩን የሚያዞር ፋን ካለው 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፋን ከሌለው ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ላይና ታቹ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የእንቁላሉ አናት ባለበት ከፍታ ይቀመጥና ከ38.3 እስከ 38.8 ያሳይ። ሳጥኑ ጣሪያ ላይ የተለካ ሙቀት ስለ እንቁላሉ ምንም አይነግራችሁም።

ለመፈተሽ የትኩሳት መለኪያ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። የተሠራው ለ37 እና ለ38 አካባቢ ስለሆነ ለእኛ ሥራ ልክክ ይላል። አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ። የትኩሳት መለኪያውንና የማሽናችሁን ቴርሞሜትር ጫፍ ጎን ለጎን ንከሩና አንብቡ። ልዩነታቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ። የማሽኑ ቴርሞሜትር ውሃ የማይነካው ዓይነት ከሆነ የትኩሳት መለኪያውን ማሽኑ ውስጥ እንቁላሉ አጠገብ አስቀምጡት። በሚፈላ ውሃ ለመፈተሽ ግን አትሞክሩ። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ያሳስታችኋል።

የእርጥበት መለኪያውንም እንዲሁ። የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጉና እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። ከመለኪያው ጋር በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉና እስከ ጠዋት ተዉት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካለ ሁልጊዜ 5 ደምሩበት።

ግብፃውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በትልልቅ የጡብ ምድጃ ጫጩት ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል፣ ያለ ቴርሞሜትር። ሠራተኞቹ እንቁላሉን የዓይናቸው ቆብ ላይ አስነክተው ሙቀቱን ያውቁ ነበር። ልጅነታቸውን ሙሉ ምድጃው ውስጥ ካደጉ እንዴት አያውቁ! እኔና እናንተ ግን በትኩሳት መለኪያው ብንቆይ ይሻላል።

ማሽኑን ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ በማይገባበት፣ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ብዙ በማይለያይ ክፍል አስቀምጡት። ባዶውን ቢያንስ 24 ሰዓት አብሩት። ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱ ሳይወዛወዝ ካደረ ዝግጁ ናችሁ።

3. ማስገባት

እንቁላሉን ከቀዝቃዛው ቦታ አውጥታችሁ በክፍሉ ሙቀት ለ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል አቆዩት። ቀዝቃዛ እንቁላል ሙቅ ማሽን ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ላቡም ባክቴሪያውን ይዞ በቀዳዳዎቹ ይገባል። በአንድ ጎኑ "ሀ"፣ በሌላው "ለ" ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶና ማርከር ይቅር።

እንደገባ ሙቀቱ ዝቅ ይላል። አትደንግጡ፣ ቁልፉንም አትንኩ። ያን ሁሉ እንቁላል ለማሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ሙቀት የጨመረ ሰው ሌሊት ላይ እንቁላል ሲቀቅል ያድራል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ሙሉ 24 ሰዓት ሲያልፍ አንድ ቀን ተባለ። ማክሰኞ ማታ ካስገባችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ማታ 21 ቀን ይሞላል። እኔ ሁልጊዜ ቅዳሜ አስገባለሁ፣ ቅዳሜ ቤት ስለምውል።

4. ከ1ኛው እስከ 18ኛው ቀን

*ማገላበጥ።* የታቀፈች ዶሮ እንቁላሎቿን በምንቃሯና በሆዷ ቀኑን ሙሉ ታገላብጣለች። እንቁላል አንድ ቦታ ከቆየ ፅንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ገለፈት ጋር ይጣበቃል። በእጅ የምታገላብጡ ከሆነ በቀን 3 ጊዜ ትንሹ ነው፣ 5 ቢሆን ይሻላል። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን። ረጅሙ ጊዜ ሌሊቱ ነው፣ ጎዶሎ ከሆነ ዛሬ "ሀ" ወደ ላይ ካደረ ነገ "ለ" ያድራል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መዘንጋት ከሁሉ የከፋ ነው። እጃችሁን ታጠቡ። ራሱ የሚያገላብጥ ማሽን ካላችሁም በየቀኑ በእርግጥ መንቀሳቀሱን እዩ።

*እርጥበት።* ከ45 እስከ 55 በመቶ ይባላል። እኔ ግን ከእርጥበት መለኪያው በላይ የኩሽና ሚዛኑን አምናለሁ። እንቁላል ሲታቀፍ ውሃው በቀዳዳዎቹ እየተነነ ይቀላል፣ ሰፊው ጫፍ ጋ ያለው የአየር ኪስም እየሰፋ ይሄዳል። እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ለምሳሌ 12ቱ እንቁላል አንድ ላይ 660 ግራም ቢመዝኑ በ7ኛው ቀን ወደ 629፣ በ14ኛው ወደ 598፣ በ18ኛው ወደ 581 ይወርዳሉ። ከዚህ ቶሎ ከቀነሱ ውሃ ይጨመር። ካልቀነሱ ውሃው ይቀነስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እርጥበት የሚጨምረው የውሃው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም። ጎድጓዳውን ዕቃ አፉ ድረስ ከመሙላት ሰፊ ሰሃን ላይ ትንሽ ውሃ ማፍሰስ ይሻላል። እርጥብ ስፖንጅም ይሠራል።

*በብርሃን ማየት።* 7ኛው ቀን ላይ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስልካችሁን ባትሪ በጣቶቻችሁ ከብባችሁ ሰፊው ጫፍ ላይ ደግኑ። ደህናው እንቁላል ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ተዘርግተው መሃላቸው ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። እሷ ዓይኗ ናት። ሳትተነፍሱ ትንሽ ብትቆዩ ነጥቧ ጠጋ፣ ሸሸት ትላለች። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ቀሰቀስኩ።

ምንም የሌለበት፣ ብርሃኑ ወለል ብሎ የሚያሳልፈው ዘር አልነበረውም። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው። ሁለቱንም አውጡ። ያጠራጠራችሁን እስከ 14ኛው ቀን ታገሡት፣ በተለይ ቅርፊቱ ቡናማ ከሆነ ለማየት ያስቸግራል። በ14ኛው ቀን ከአየር ኪሱ በቀር አብዛኛው ጨልሟል። ጠረን ያመጣ ወይም ላዩ ላይ ፈሳሽ ያወጣ እንቁላል ግን አንድ ሰዓትም አይደር። ከፈነዳ ሌሎቹን ይበክላል፣ ሽታውም እናንተን ከቤት ያስወጣችኋል።

*መብራት ሲጠፋ።* አትክፈቱ። ብርድ ልብስ አልብሱት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኑ። ከቆየ ሙቅ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ዙሪያውን አስጠጉ። ዶሮዋም ለመብላት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች፣ እንቁላሏም በረድ ይላል። ፅንስ ቅዝቃዜን ከሙቀት በተሻለ ይችላል። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ምናልባት አንድ ቀን ያዘገያል። ከ40 ዲግሪ በላይ መቆየት ግን ይጨርሳል። ስለዚህ መብራት ጠፋ ብላችሁ እንቁላል አትጣሉ። ቀጥሉና ከአራት አምስት ቀን በኋላ በብርሃን እዩ።

5. 18ኛው ቀን

ከዚህ በኋላ ማገላበጥ የለም። ጫጩቷ ራሷን ለመውጣት እያስተካከለች ነው። ማገላበጫውን አውጡና እንቁላሉን በጎኑ አስተኙ። ወለሉ እግር የሚይዝ ይሁን፣ ሻካራ ጨርቅ ወይም ወንፊት መሰል ነገር። የሚያዳልጥ ወለል ላይ የቆመች ጫጩት እግሮቿ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ አድርሱት፣ ሙቀቱ ባለበት ይቆይ። የአየር ቀዳዳዎቹን ክፈቱ፣ አሁን ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ውሃውን ሙሉና ክዳኑን ዝጉ።

እኔ ክዳኑ ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ለማሽኑ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

6. ከ19ኛው እስከ 21ኛው ቀን

መጀመሪያ ጫጩቷ ምንቃሯን ወደ አየር ኪሱ ታስገባለች። ከውጭ ምንም አይታይም። ጆሮ ብትሰጡ ግን ከተዘጋ እንቁላል ውስጥ ጭው ጭው ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባዋ እየተነፈሰች ነው። ቀጥሎ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ ነጭ ሹል ነገር ቅርፊቱን ትወጋለች። ከውጭ የኮከብ ቅርጽ ያላት ስንጥቅ ታያላችሁ።

ከዚያ ምንም አይሆንም። 12 ሰዓት፣ አንዳንዴ 24 ሰዓት፣ ጭራሽ ዝም። ጀማሪ ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሞታለች፣ ደክሟታል፣ ልርዳት ይላል። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት። ገለፈቱ ላይ ያሉት የደም ሥሮች እየደረቁ ደሙ ወደ ሰውነቷ እየተሰበሰበ ነው። የተረፈውም አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ እየገባ ነው። ይህ ሳያልቅ ቅርፊቱን ከላጣችሁ የምትቆርጡት ሕይወት ያለው የደም ሥር ነው። የእኔዋ የሞተችው በዚህ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ራሷ ትነሳለች። እየዞረች ቅርፊቱን እንደ ቆርቆሮ ክዳን ዙሪያውን ትሰነጥቀዋለች፣ በእግሯ ትገፋዋለች፣ ትወጣለች። ይህኛው ቶሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰዓት አይበልጥም። ስትወጣ ውብ አይደለችም። ርጥብ፣ አንገቷን መሸከም የማትችል፣ ሁለት እርምጃ ተንገዳግዳ ድፍት ብላ የምትተኛ ናት። ተዋት። የእሷ ጩኸት ሌሎቹን ያነሳሳል።

አስኳሉ ሆዷ ውስጥ ስላለ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ምግብና ውሃ ትቆያለች። ስለዚህ አልተራበችም። አብዛኞቹ ወጥተው ላባቸው እስኪደርቅ ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቱ። የደረቁትን በፍጥነት አውጥታችሁ ዝጉ። የቀሩትን እስከ 23ኛው ቀን ድረስ ታገሡ።

መርዳት ፈጽሞ አይፈቀድም ወይ? ቅርፊቱ ከተወጋ 24 ሰዓት ካለፈ፣ ሌሎቹ ወጥተው ካበቁ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ገለፈት ደርቆ ወረቀት ከመሰለ፣ በለብ ያለ ውሃ በራሰ ጥጥ ገለፈቱን አርጥቡና ከቀዳዳው ጠርዝ ጥቂት ስባሪ ብቻ አንሱ። የደም ጠብታ ካያችሁ ወዲያው አቁሙና መልሱት። ውሃው ወደ ምንቃሯ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

7. ከወጡ በኋላ

ማሞቂያ ያለው ሳጥን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። የመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እዩ። ማሞቂያው ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ግድግዳ ተጠግተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ልክ ነው። ውሃ ዝቅ ባለ ዕቃ፣ ውስጡ ጠጠር ተደርጎበት፣ አለዚያ ይሰጥማሉ። የእያንዳንዷን ምንቃር አንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጉ። የጫጩት መኖ ስጡ። ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ከጤነኛ ጫጩትም ይተላለፋል።

ሌሎች ወፎች

ሙቀቱ ያው ነው፣ የሚለያየው ቀኑ ነው። ድርጭት 17 ወይም 18፣ ጅግራ ከ26 እስከ 28፣ ዳክዬና ተርኪ 28፣ ዝይ 30 አካባቢ። ማገላበጥ የሚቆመው ከመውጫቸው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የእርግብን እንቁላል ግን አልመክርም። ጫጩቷ ዓይኗ ሳይገለጥ ትወጣለች። የምትመገበውም ወላጆቿ ከጉሮሯቸው የሚያወጡትን ወተት መሰል ነገር ነው፣ እሱን ደግሞ ማሽን አይሰጥም። የዱር ወፍ ጎጆ ላይ ያገኛችሁትን እንቁላል እዚያው ተዉት።

8. ያልተፈለፈሉትን መክፈት

ደስ አይልም፣ ግን የሚቀጥለውን ዙር የሚያስተካክለው ይሄ ነው። ጓንት አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ አንድ በአንድ ስበሩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱ ከበዙ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ብዙ ቆይቷል፣ ወይም ሙቀቱ ተዛብቷል። ሙሉ ጫጩት ሆኖ ቅርፊቱን ሳይወጋ የሞተ፣ ሰውነቱም ውሃ ያዘለ ከሆነ እርጥበት በዝቷል፣ ወይም አየር አንሷል። ወግቶ፣ ገለፈቱ እንደ ፕላስቲክ ጠብቆበት የሞተ ካለ መጨረሻው ላይ ደርቋል። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ የከፈተ ሰው ሥራ ነው። ሁሉም ከ21ኛው ቀን ቀድመው ከወጡ ሙቀቱ ከፍ ብሏል፣ ሁሉም ከዘገዩ ዝቅ ብሏል።

ያገኛችሁትን ከክብደቱ መዝገብ ሥር ጻፉት። ማሽኑን በዚያው ቀን በሳሙና እጠቡት። የጫጩት ብናኝ ላባ ፋኑ ውስጥ ይሰገሰጋል፣ እሱን በብሩሽ አውጡ። ከደረቀ በኋላ የሙቀት ልዩነቱን የጻፋችሁበት ወረቀት አለመላቀቁን እዩ። የእኔው ሁለት ጊዜ ወድቆብኛል።